የልጅ ፊት አማና ነው

አልሐምዱ ሊላህ! ዓይንን ፈጥሮ ብርሃንን ለሰጠን፣ ሳንጠይቀው ለቸረን፣ ሳናመሰግነው ለታገሰን ጌታ ምስጋና ይገባው። እናመሰግነዋለን፣ እርዳታውን እንሻለን፣ ምሕረቱንም እንለምነዋለን። ከአላህ በቀር በሐቅ የሚመለክ አምላክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው እንደሆኑ እንመሰክራለን። የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሐቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ፈለጋቸውን በሚከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

አማ በዕድ። የአላህ ባሮች ሆይ፣ ነፍሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

ባለፈው ጁሙዓ ሦስተኛው ሶፍ ላይ አንድ ሕፃን ነበር። ቢበዛ አራት ዓመት ይሆነዋል። አባቱ ነጭ ጀለቢያ አልብሶት፣ የምታምር ኮፊያ ደፍቶለት አጠገቡ አቁሞታል። ግን አፍንጫው ላይ ንፍጥ ደርቋል፤ በዓይኖቹ ጥግና ጥግ ደግሞ ዝንቦች ሰፍረዋል። አንድ ሁለት አይደሉም። ልጁ ግን እጁን አላነሳም፤ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ለምዶታል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ትልቅ ሰው ልጁን በትከሻው ያዝ አድርገው ወደ መጨረሻው ሶፍ አሻገሩት። አባትየው አንገቱን ደፋ። እኔ ሚንበሩ ላይ ሆኜ ይህን አየሁ፣ አይቼም ዝም አልኩ። ዛሬ የምናገረው ያ ዝምታ ሳምንቱን ሙሉ ስላላስተኛኝ ነው።

አላስተኛኝም ያልኩት አያቴን ስላስታወሰኝ ነው፤ አላህ ይዘንላትና። አያቴ አንገቷ ላይ በጥቁር ክር ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር። የዚህ አካባቢ ሰው ስለሆናችሁ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ገብቷችኋል፤ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለች እናት ወይም አክስት ነበረቻችሁ። ረፋድ ላይ ፀሐይ በበሩ ስትገባ መደቡ ላይ ትቀመጥና «ና እስቲ ልጄ፣ የአንተ ዓይን ይሻላል» ትለኛለች። የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ትይዝልኛለች፤ እኔ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ እነቅላለሁ። አለቀ ስላት «የለም፣ አንዲት ቀርታለች፣ ትወጋኛለች» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ፈልጌ ሳጣት ቆይቼ አገኛታለሁ፤ ከክር የቀጠነች፣ ለማየት የምታስቸግር ፀጉር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መልሶ ይበቅላል። የዓይኗ ብሌን እንዲያ እየተፋቀ ኖሮ በመጨረሻ ነጭ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዙህር መድረሱን የምታውቀው ከበሩ የሚገባው የፀሐይ ሙቀት ጉልበቷን ሲለቅ ነበር።

ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል፤ እኛ የዓይን ማዝ እንለዋለን። ይህን በሽታ በደንብ ልናውቀው ይገባል፤ ምክንያቱም ካወቅነው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይገለጥልናል። ጀርሙ አንድ ጊዜ ብቻ ቢይዝ ልጁ ይድናል። የሚጎዳው መመላለሱ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በዝንብ፣ እናት የሁሉንም ልጆቿን ፊት በምትጠርግበት በዚያው በአንዱ የሻሽ ጫፍ ይተላለፋል። ዛሬ የዳነው በወሩ ደግሞ ይያዛል። እንዲህ እየተመላለሰ የዓይኑን ቆብ ከውስጥ ያጠባስሰዋል። ጠባሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ይኮማተርና ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን መፈግፈግ ይጀምራል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አያቴ ዓይኗን ያጣችው በስተርጅና ነው፤ ዓይኗን ያሳጣት ነገር ግን የገባባት እንደዚያ የሦስተኛው ሶፍ ልጅ በአራት ዓመቷ ነው። ከዚያም እናት ሆና ልጆቿን ስታቅፍ፣ ስትስም፣ ስታጥብ እንደገና እየተያዘች ኖረች። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በዚህ በሽታ በብዛት የሚታወሩት ለዚህ ነው። ልጅ በማቀፋቸው!

ከዓለም አገሮች ሁሉ ትልቁን የትራኮማ ሸክም የተሸከመችው ኢትዮጵያ ናት፤ ከኢትዮጵያም የኛው አማራ ክልል። ይህን የምናገረው ለማሸማቀቅ አይደለም። የኛ ሸክም መሆኑን እንድናውቅ ነው፤ ምክንያቱም እስካሁን ብዙውን የተሸከሙልን ሌሎች ናቸው።

እነማን ናቸው? በየዓመቱ መድኃኒቱ ሲታደል አይታችኋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁመት የሚለካበት ምልክት ያለው እንጨት አቁማ ልጆቻችንን በተራ ታስጠጋለች፤ ሚዛን በየመንደሩ ማዞር ስለሚከብድ መጠኑን በቁመታቸው ታውቃለች። ለትንንሾቹ ሽሮፕ፣ ለአዋቂው አራት ፍሬ፣ ስድስት ወር ላልሞላው ጨቅላ የዓይን ቅባት። መድኃኒቱን ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን ነፃ መድኃኒት በራሱ እግር ከአዲስ አበባ እዚህ ገደል ድረስ አይመጣም። የመኪናውን ነዳጅ፣ የአዳዮቹን ሥልጠና፣ የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገናውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ትምህርት በገንዘብ ሲደግፉ ከኖሩት ዋነኞቹ የላየንስ ክለብ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ካርተር ማዕከል ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው በዚህ ክልል ከጤና ቢሮው ጎን ቆመዋል።

ላየንስ መንግሥት አይደለም፣ ባለጸጋ ኩባንያም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ሜልቪን ጆንስ የሚባል የቺካጎ የኢንሹራንስ ነጋዴ፣ እንደ እርሱ ያሉ ነጋዴዎች የሚሰበሰቡባቸውን ትንንሽ ማኅበራት «ለራሳችን ንግድ ብቻ ከምንሰበሰብ ለከተማችን ለምን አንጠቅምም?» በሚል ሐሳብ አስተባብሮ የመሠረተው ነው። በስምንተኛው ዓመት፣ በ1925፣ በአሥራ ዘጠኝ ወሯ ዓይኗንም ጆሮዋንም ያጣችው ሄለን ኬለር ጉባኤያቸው ላይ ቆማ ለዓይነ ስውራን ዘብ እንዲቆሙ ጠየቀቻቸው። እሺ አሉ። አንዲት ሴት አንድ ቀን ጠየቀች፤ እነርሱ እሺ ያሉትን እስከ ዛሬ ይዘውታል። ዛሬ ክበቦቹ በብዙ አገር አሉ፤ በአገራችንም ከተሞች ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ባለሱቁ ከሥራ በኋላ ተሰብስቦ ያዋጣል። የሚያዋጣለትን ልጅ ስሙን አያውቀውም፤ ሃይማኖቱንም አይጠይቅም።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «እነርሱ የኛ አይደሉም፣ ከእነርሱ ጋር ምን አለን?» ይላሉ። በእንዲህ ያሉ ክበቦች አባል ስለመሆን ዑለማዎች የተነጋገሩበት ጉዳይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዛሬ የማወራው ስለ አባልነት አይደለም። የማወራው ስለ ሕፃን ዓይን ነው። በዚህ ላይ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት መልስ አለው። ገና ወሕይ ሳይመጣላቸው፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሳሉ፣ አንድ የየመን ነጋዴ መካ ላይ ዕቃው ተወስዶ ዋጋው ተከለከለ። ሰውየው ጮኸ። ያን ጊዜ ከቁረይሽ ጎሳዎች የተወሰኑት በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሰው የአገሩ ሰውም ይሁን እንግዳ ሐቁ እስኪመለስ ድረስ አብረውት ሊቆሙ ተማማሉ። ሒልፉል ፉዱል የሚባለው ይህ ነው። ነቢያችንም እዚያ ነበሩ። የተማማሉት ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም፤ የተሰበሰቡበትም ቤት የሙስሊም ቤት አልነበረም። እርሳቸው ግን ነቢይ ከሆኑ በኋላም ያን ቃል ኪዳን በቀይ ግመሎች እንደማይለውጡት፣ በእስልምና ዘመንም ቢጠሩበት አቤት እንደሚሉ ተናገሩ። ቀይ ግመል ለዐረብ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ በኸይር ሥራ መረዳዳት እንዲህ ከሆነ፣ «መድኃኒቱ ዘር ያጠፋል» እያለ ልጁን ደብቆ የሚያውል አባት ምን ይመልሳል? ይህ መድኃኒት በዓለም ላይ ከቢሊዮን በላይ ጊዜ ታድሏል። ኦማን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ለሐጅ የምንሄድበት ሳዑዲ ዐረቢያ በ2022፣ ማሊ በ2023 ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን እንዳስወገዱ የዓለም ጤና ድርጅት መስክሮላቸዋል። መድኃኒቱ ከታደለባቸው አገሮች የሰማችሁት የመካንነት ዋይታ አለ?

አሁን ከባዱ ላይ ልድረስ። ዛሬ ሚንበር ላይ የወጣሁት ለዚህ ነው። በክልላችን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በየዓመቱ መድኃኒት የታደለባቸው ወረዳዎች አሉ፤ አሁንም ግን በሽታው አለቀቃቸውም። ባለሙያዎች አገር መዳኑን የሚያውቁት ልጆችን አይተው ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ሕፃናትን ቤት ለቤት እየፈለጉ የዓይናቸውን ቆብ ይገለብጣሉ፤ ከመቶ ሕፃናት አምስትና ከዚያ በላይ ምልክቱ ከተገኘባቸው ያ ወረዳ አልዳነም። አባት ጤነኛ ነኝ ቢል፣ ሽማግሌ ቢምል፣ አይቆጠርም። ስለ ሁላችን የሚመሰክረው የሕፃኑ የዓይን ቆብ ነው። ጦርነት መጣ፣ ዕደላው ተስተጓጎለ፣ ይህ እውነት ነው። ግን እውነቱ እርሱ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ በዓመት አንድ ቀን ነው። የቀሩት ቀናት የኛ ናቸው። ላየንስ ነዳጅ ሊሞላ ይችላል፤ ማለዳ ማለዳ ግን የልጅህን ፊት ሊያጥብልህ አይመጣም።

ወንድሞቼ፣ «ልጅ ማጠብ የእናት ሥራ ነው» የሚል ካለ ስለ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ይስማ። የኡሳማ አባት ከባርነት ነፃ የወጣው ዘይድ ነው፤ እናቱ ደግሞ የአገራችን ሰው፣ ኡሙ አይመን አል-ሐበሺያ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢያችን የኡሳማን ንፍጥ ሊጠርጉ እጃቸውን ዘረጉ። ዓኢሻ «ይተዉ፣ እኔ ልጥረግለት» አሉ። እርሳቸውም ዓኢሻ ኡሳማን እንዲወዱት ነገሯቸው፤ እኔ እወደዋለሁና ብለው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያው ልጅ የበሩ መድረክ አደናቀፈውና ፊቱ ተሰንጥቆ ደማ። ዓኢሻ እንዲያጸዱለት ታዘዙ፤ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበሩና ተጸየፉት። ነቢያችን አልተቆጡም፣ ሌላ ሰውም አልጠሩም። በገዛ አፋቸው ደሙን እየመጠጡ ተፉለት። የዓለማት እዝነት የተባሉት! መልእክተኞችን የሚቀበሉ፣ ጦር የሚመሩ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ሰው ጎንበስ ብለው የአንድ ሐበሻ እናት ልጅን ፊት አጸዱ። እኛ ደግሞ ያንኑ የሚመስለውን ልጅ በትከሻው ይዘን ወደ ኋላ አሻገርነው።

ውሃ የለም ትሉኛላችሁ። ከምንጩ እስከዚህ ያለውን ዳገት እኔም አውቀዋለሁ፤ እህቶቻችን እንስራና ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡት አያለሁ። ግን ነቢያችን ሙሉ ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ ነው። ሙድ ማለት ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚታፈስ ነው፤ አንድ ሊትር አይሞላም። በእርሱ ፊታቸውንም እጃቸውንም እግራቸውንም ይታጠቡ ነበር። የሕፃን ፊት ከዚያ ስንቱን ይፈልጋል? አንድ እፍኝ ወይም ሁለት። አንተ ለሱብሒ ውዱእ ስታደርግ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የምትተወው ይበቃዋል። ልጁን ቀስቅሰህ በዚያ እጠበው። በራስህ ሻሽ ሳይሆን በንጹሕ እጅህ።

የመድረሳችንን ነገርማ ሳስበው ያመኛል። ደረሳው ሎሑን እንዴት እንደሚያጥብ አይታችኋል። የአላህ ቃል የተጻፈበት ስለሆነ እጣቢው እንኳ እግር በማይረግጠው ቦታ ይደፋል። ይህ ያማረ አደብ ነው፤ አይቅርብን። ነገር ግን ሎሑን የያዘው ልጅ ዓይኑ በዓይን አር ተጣብቆ ፊደሉን እያጨናበሰ ሲያነብ ማንም ቆም ብሎ አያየውም። ሎሑን የምናጥበው በላዩ ስለተጻፈው ቃል ነው። ያ ቃል የሚጻፍበት ልብ ግን ያለው ከዚያ ካልታጠበ ፊት ኋላ ነው።

ዝንቡም አለ። የዓይን ዝንብ ከየትም አይመጣም፤ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ይራባል። ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ አይራባም። ነቢያችን በመንገድ፣ በጥላና በውሃ መቅጃ ላይ መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ነገር እንደሆነ ያስጠነቀቁን ይህን ሳናውቅ በፊት ነው። በጎጃም በአንዳንድ ወረዳዎች የመጸዳጃ ጉድጓዱን ጉዳይ ከባሎቻቸው ቀድመው የያዙት ሴቶች ናቸው፤ ቀን መውጣት ነውር ሆኖባቸው እስኪመሽ ታፍነው መዋል ሰልችቷቸው ነበርና። እኛ ጋስ? ሚስትህ እስኪመሽ እየጠበቀች ነው፣ ወንድሜ?

የምለው ይህ ነው፤ አላህ እኔንም እናንተንም ይማር፤ ምሕረቱን ለምኑት፣ እርሱ መሐሪና አዛኝ ነው።

* * *

አልሐምዱ ሊላህ፣ ወሰላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።

የአላህ ባሮች ሆይ፣ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ይህን ነገር ሳነሳላቸው «ዓይን ቢጠፋ ቀደር ነው፣ ትዕግሥት ያደረገ ጀነትን ያገኛል» አሉኝ። ያሉት የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛውም እውነት ነው። ዓይኑን አጥቶ ለታገሠ ሰው የተገባው ቃል በሐዲስ የታወቀ ነው። አያቴም እንዲያ ካሉት እንድትሆን ዱዓ አደርጋለሁ። ግን ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ «ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ?» ተብለው ነበር፤ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው ብለው መለሱ። ማዙም ቀደር ነው፤ ውሃውም ቀደር ነው። ትዕግሥት የታመመው ሰው ዒባዳ ነው። ልጁን ሳያጥብ የቀረ አባት በልጁ ሕመም ታጋሽ ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ስለ ቅሬያችን ልናገር። ይህ አገር ቅሬ ያለው አገር ነው። ሰው ሲሞት ጥሪው ከተሰማ እርሻውን ያላቆመ፣ ሱቁን ያልዘጋ፣ ቀባሪ ያልሆነ የለም። ለከፈኑም ለድንኳኑም ለንፍሮውም ሁሉም ይረባረባል። እነዚያ በሩቅ አገር የተሰበሰቡ ነጋዴዎች የያዙት ነገር ከኛ ቅሬ የተለየ አይደለም፦ መሰብሰብ፣ ማዋጣት፣ ቃልን መጠበቅ። እኛም ይህንን እናውቀዋለን። የምንለየው በአንድ ነገር ነው፤ እኛ የምንሰበሰበው ለሞተው ነው። ቅሬያችን በሕይወት ላለ ሕፃን ተጠርቶ ያውቃል?

የቅሬ ዳኞቻችን ፊት ለፊት ተቀምጣችኋል፤ ትናንት ማታም ተነጋግረናል። ከመስጂዱ በር ላይ፣ ከመድረሳው በር ላይ፣ ከትምህርት ቤቱም በር ላይ አንዳንድ ጀሪካን በእንጨት ላይ ትንጠለጠላለች። ክዳኗ ተበስቶ በገመድ ከእግር መርገጫ ጋር ትታሰራለች፤ ልጁ ሲረግጣት ቀጭን ውሃ ታፈስስለታለች፣ ሲለቃት ትቆማለች። ገንዘብ አያስወጣም። የሚያስወጣው ተራ ነው፤ ማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚሞላ። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ ወስጃለሁ። ወጣቶቻችን ደግሞ ጉድጓድ የሌላቸውን አቅመ ደካማና የቲም የሚያሳድጉ ቤቶች ዝርዝር ይዘዋል፤ ከነገ ጀምሮ ቁፋሮ አለ፤ አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ። ጎረቤታችን ክርስቲያንም ቢሆን ይቆፈርለታል። ዝንቡ በማን ዓይን ላይ እንደሚያርፍ አይመርጥም።

የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና የሚፈሩ እናቶችም አሉን። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ፣ በማደንዘዣ የሚሠራ ሥራ ነው። ልጆቻቸው የሆናችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ ውሰዷቸው፤ በር ላይ ትታችኋቸው አትመለሱ። ለአያቴ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም የማውቀው ወረንጦውን ብቻ ነበር።

ዱዓ እናድርግ። አላህ ሆይ፣ ዓይናችንንና የልጆቻችንን ዓይን ጠብቅልን። አላህ ሆይ፣ ልጅ በማቀፍ ዓይናቸውን ያጡ እናቶቻችንን በጀነት ፊትህን ከሚያዩት አድርጋቸው። አላህ ሆይ፣ የታመሙትን አሽር። ሳያውቁን የረዱንን በኸይር መንዳቸው፣ ወደ ቀናውም መንገድ ምራቸው። አገራችንን ሰላም አድርግልን፣ መንገዶቿን ለመድኃኒትና ለእህል ክፈትልን። በሕፃናት ጉዳይ ዝም ያልንበትን፣ እኔም ዝም ያልኩበትን፣ ማረን። አሚን።

ሶላት ቁሙ። ሶፋችሁን አስተካክሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ግጠሙ። ልጆቹን ወደ ኋላ አትግፏቸው።